47/6 ስንት ከስንት ነው? ሕገወጥ ክፍልፋይን ወደ ድብልቅ ቁጥር የሚለውጡ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ማታ የቤት ሥራ ሰዓት ላይ ጎንደር ውስጥ በብዙ ቤት የሚሰማ ክርክር አለ። ደብተሩ «47/6ን ወደ ድብልቅ ቁጥር ለውጡ» ይላል። እናት በምታውቀው መንገድ ታሳያለች፤ ታላቅ ወንድም «እንዲያ አይደለም» ብሎ ሌላ ያመጣል፤ ልጁ ደግሞ «መምህራችን እንደዚህ አይደለም ያሳዩን» እያለ ያለቅሳል። የሚያሳዝነው ሁሉም ልክ መሆናቸው ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ መልሱ 7 ከ5/6 ነው። የሚለያየው የድካሙ መጠንና ስህተት የሚደበቅበት ቦታ ብቻ ነው።

ስለዚህ መንገድ ሲመረጥ ሦስት ነገር ይታያል፦ ቁጥሮቹ ምን ያህል ትልልቅ ናቸው? የሚሠራው ሰው የማባዛት ሰንጠረዡን ምን ያህል ይዞታል? መልሱስ ወዴት ነው የሚሄደው? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ ጤፍና ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት) ያስረዱልኛል።

ስያሜውን በአጭሩ እናስተካክል። ከመስመሩ በላይ ያለው ቁጥር ላዕል፣ ከታች ያለው ታህት ነው። ላዕሉ ከታህቱ እኩል ወይም የበለጠ ሲሆን ክፍልፋዩ ሕገወጥ ይባላል። ሙሉ ቁጥርና ከአንድ ያነሰ ክፍልፋይ አብረው ሲጻፉ ድብልቅ ቁጥር ነው። ሲካፈል የሚገኘው ድርሻ፣ የሚተርፈው ቀሪ ይባላል። ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ልበል፦ በደብተር ላይ ሙሉው ቁጥር ጎላ ብሎ ክፍልፋዩ በጎኑ አነስ ብሎ ስለሚጻፍ ችግር የለም። በቴሌግራም ግን 7 ጽፎ፣ ትንሽ ክፍት ቦታ ትቶ፣ 5/6 ያስከተለ ሰው፣ ተቀባዩ 75/6 ብሎ ቢያነብበት ሊፈርድበት አይገባም። ስለዚህ እዚህ «ሁለት ኪሎ ከሩብ» እንደምንለው «7 ከ5/6» እያልኩ እጽፋለሁ።

ለጀማሪ፦ ሥዕልና መቀነስ

ክፍልፋይን ገና ለሚጀምር ልጅ ከሥዕል የሚሻል የለም። 11/4 ሲሰጠው እያንዳንዳቸው አራት ቦታ የተከፈሉ ክቦች ይሥላል፤ ከዚያ አሥራ አንድ ቁራሽ ያቀልማል። ሁለት ክብ ይሞላና ሦስተኛው ላይ ሦስት ቁራሽ ይቀለማል፤ መልሱ 2 ከ3/4 ነው። ድፎ ዳቦ ቆርሶ ማሳየትም ይቻላል፤ ዳቦው ከትምህርቱ በፊት እንዳያልቅ መጠንቀቅ ነው።

የሥዕል ትልቁ ጥቅም ታህቱ ለምን እንደማይለወጥ ማሳየቱ ነው። በዚህ ርዕስ ልጆችን የሚጥላቸው ብዙ ጊዜ ማካፈሉ አይደለም፤ ካካፈሉ በኋላ ቁጥሮቹን የት እንደሚያስቀምጡ ግራ መጋባታቸው ነው። 47ን ለ6 አካፍሎ 7 የደረሰውና 5 የቀረው ልጅ 7 ከ5/7 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው 5 ከ7/6 ይላል። ክብ ሥሎ የጀመረ ልጅ ግን ቁራሾቹ ከመጀመሪያው ስድስተኛ እንደነበሩ፣ የተረፉትም አምስቱ ስድስተኛ እንደሆኑ በዓይኑ ስላየ እንዲህ ያለ መልስ ሲያይ ይደናገጣል። ይህ ድንጋጤ ከብዙ ሕግ ይበልጣል። ሥዕሉ የሚበቃው ግን እስከ ሃያ ቁራሽ ገደማ ነው። 47 ቁራሽ የሚያቀልም ልጅ የሚማረው ሒሳብ ሳይሆን ሥዕል ነው።

ቀጣዩ ደጋግሞ መቀነስ ነው። 17/5 ከሆነ፦ 17 ሲቀነስ 5፣ 12። 12 ሲቀነስ 5፣ 7። 7 ሲቀነስ 5፣ 2። ሦስት ጊዜ ተነሣ፣ 2 ቀረ፤ መልሱ 3 ከ2/5። ማካፈል የሚያስፈራው ልጅ፣ የማባዛት ሰንጠረዡንም ገና ያልያዘ ልጅ፣ በዚህ መንገድ ያለ ማንም እርዳታ ይደርሳል። ድካሙ የሚታየው ቁጥሩ ሲያድግ ነው። 347/12 በዚህ መንገድ ሃያ ስምንት ጊዜ መቀነስ ይጠይቃል፤ መሀል ላይ አንዱን መዝለል ወይም ሁለቴ መቁጠር አይቀርም።

ነገር ግን ይህን መንገድ ሰው ቶሎ የሚጥለው በጅምላ መቀነስ እንደሚቻል ስለማያውቅ ነው ባይ ነኝ። አሥር አሥራ ሁለት 120 ነው። ከ347 ላይ 120 ሲነሣ 227፣ እንደገና 120 ሲነሣ 107 ይቀራል። አምስት አሥራ ሁለት 60 ስለሆነ ከ107 ላይ 60 ሲነሣ 47። ሦስት አሥራ ሁለት 36፤ ሲነሣ 11። የተነሣው 10፣ 10፣ 5 እና 3 ተደምሮ 28 ነው፤ መልሱ 28 ከ11/12። አራት መስመር ብቻ ነው። ልጁ የፈለገውን ያህል ትንሽ ወይም ትልቅ እየቆረሰ ማንሣት ይችላል፤ ትንሽ ካነሣ መስመር ይበዛበታል እንጂ አይሳሳትም። ማካፈል ለማይሆንለት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ መሸጋገሪያ አላውቅም።

ለትልልቅ ቁጥር፦ በረጅሙ ማካፈል

በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ዋናው መንገድ ይህ ነው፤ ዋና መሆኑም ተገቢ ነው። ላዕሉ ለታህቱ ይካፈላል፤ ድርሻው ሙሉ ቁጥር፣ ቀሪው አዲሱ ላዕል ይሆናል፣ ታህቱ ባለበት ይቆያል። 347ን ለ12፦ በ34 ውስጥ 12 ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ 24 ሲቀነስ 10 ይቀራል፤ 7 ሲወርድ 107። በ107 ውስጥ ስምንት ጊዜ፤ 96 ሲቀነስ 11። ድርሻው 28፣ ቀሪው 11።

ጥንካሬው ማሰብን አለመጠየቁ ነው። ይህን የምለው ለምስጋና ነው። ቁጥሩ ሦስት ይሁን ስድስት አሃዝ ሥርዓቱ አይለወጥም፤ የደከመው፣ የፈራው፣ ፈተና ላይ እጁ የሚንቀጠቀጠው ልጅ ሥርዓቱን ተከትሎ ይደርሳል። ድክመቱም ከዚያው ይመጣል፤ ልጁ የሚሠራውን ስለማያየው መልሱ ከመንገድ ሲወጣም አያውቅም። 1,237/12 ስጡትና እዩት። 12 በ12 ውስጥ አንድ ጊዜ፤ 3 ሲወርድ 12 በ3 ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ድርሻው ላይ 0 መጻፍ አለበት። ይህችን ዜሮ የዘለለ ልጅ 13 ከ1/12 ይላል። ትክክለኛው 103 ከ1/12 ነው። መልሱ በዘጠና ተሳስቶ ወረቀቱ ግን ንጹሕ ነው!

ሌላው የተለመደ ስህተት ቀድሞ ማቆም ነው። 47/6ን 6 ከ11/6 ብሎ የጻፈ ልጅ ዋጋው ልክ ነው፤ ነገር ግን ገና አልጨረሰም፤ 11 ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሙሉ አለ። እንዲህ ሲሆን በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዝ ይልቅ «ቀሪህ ከታህትህ ያነሰ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ማረጋገጫው ለሁሉም መንገድ አንድ ነው፦ ታህቱን በሙሉው ቁጥር አባዝቶ ቀሪውን መደመር። 12 በ28 ሲባዛ 336፤ 11 ሲደመር 347። በ13 ከ1/12 ላይ ይህን ቢያደርግ 157 ስለሚያገኝ የጠፋችው ዜሮ ወዲያው ትያዛለች። በረጅሙ ማካፈልን ያለ ማረጋገጫ ማስተማር ግን ግማሹን ብቻ ማስተማር ነው።

በቃል፦ ቅርቡን ብዜት መያዝ

ከሁሉም የምወደው ይህ ነው። 47/6 ሲታይ፣ ከ47 በታች ያለው ቅርብ የ6 ብዜት የቱ ነው? 42። ስለዚህ 47/6 ማለት 42/6 ሲደመር 5/6፣ ማለትም 7 ከ5/6። በቃ። 100/7 ከሆነ 98/7 እና 2/7፤ 14 ከ2/7።

ከማካፈል ጋር ሥራው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ምክንያቱን በአደባባይ ማውጣቱ ነው። ክፍልፋዩ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ አንደኛው ቁራጭ ያለ ቀሪ ሙሉ እንደሚሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ያው ስድስተኛ ሆኖ እንደሚቀር በአንድ መስመር ይታያል። የሥዕሉን እውነት በቁጥር ቋንቋ የሚናገር መንገድ ይህ ነው። ታህቱን የመለወጥ ስህተት እዚህ ሊደበቅ አይችልም፤ 5/6 ገና ከመጀመሪያው ተጽፏል።

ዋጋው የማባዛት ሰንጠረዡን በቃል መያዝ ነው። እስከ 12 ድረስ የያዘ ልጅ ከታህት 12 በታች ያለውን ሁሉ እስክሪብቶ ሳያነሣ ይሠራል። ያልያዘ ልጅ ግን ቅርቡን ብዜት ለመፈለግ 6፣ 12፣ 18 እያለ መቁጠር ስለሚጀምር ከደጋግሞ መቀነስ የተለየ ነገር አያተርፍም። ወላጆች ሰንጠረዡ ያረጀ ነገር መስሏቸው ሲተዉት አያለሁ። ስልክ ያባዛል፤ እውነት ነው። ስልክ ግን 47ን አይቶ «42 ቅርብ ነው» አይልም።

ታህቱ ሁለት አሃዝ ሲሆንም ቀለል ያሉ ብዜቶችን በመያዝ መሄድ ይቻላል። 200/15 ላይ አሥር ጊዜ 150፣ የቀረው 50፤ ሦስት ጊዜ 45፣ የቀረው 5። ስለዚህ 13 ከ5/15፣ ሲቃለል 13 ከ1/3።

የሰዓቱ መንገድ

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ስንል 3 ከ3/4 ማለታችን ነው። ሦስትን አልፈን ከመቁጠር ይልቅ አራትን ይዘን የጎደለውን እንናገራለን። ሒሳቡም ልክ እንደዚሁ ይሠራል። 59/6 ሲመጣ ቅርቡ የታችኛው ብዜት 54 ነው፤ የላይኛው 60 ግን ይበልጥ ይቀርባል። 60/6 አሥር ነው፤ 1/6 ይጎድለዋል፤ 9 ከ5/6። 199/20 ደግሞ አሥር ሊሞላ 1/20 የጎደለው፣ 9 ከ19/20። ይህን በረጅሙ ያካፈለ ሰው ግማሽ ደቂቃ ያጠፋል፤ በሰዓቱ መንገድ የሄደ ሰው መልሱን ከጥያቄው ጋር ያነበዋል።

ገበያ ላይ ይህ መንገድ ሁልጊዜ አለ። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ በሩብ ኪሎ ሲመዘን አሥራ አንድ ሩብ 11/4 ኪሎ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሊሞላ ሩብ የቀረው። ሚዛኑ አጠገብ ያለች ልጅ ማካፈልን ሳትማር ይህን ታውቃለች። ክፍል ውስጥ ግን ያወቀችው ነገር የሒሳብ መንገድ መሆኑን የሚነግራት ሰው ላይኖር ይችላል።

አደጋው ሁለት ነው። አንዱ መመለስን መርሳት ነው፤ 10ን ይዞ 10 ከ5/6 ብሎ መጻፍ። ሌላው የጎደለውን እንደ ተረፈ መቁጠር ነው፤ 9 ከ1/6። ስለዚህ ይህ መንገድ ሌላ መንገድ ለያዘ ልጅ የሚጨመር ነው እንጂ የመጀመሪያ መሆን የለበትም። ጉድለቱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲሆን ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ከታች መሄድ ይቀላል።

ካልኩሌተር

በስልክ 47 ለ6 ሲካፈል 7.8333333 ይወጣል። ሙሉው 7 መሆኑ ግልጽ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለውን ወደ ክፍልፋይ መመለስ ላይ ነው ልጆች የሚወድቁት። 0.8333333 በ6 ሲባዛ 4.9999998 ስለሚሆን «ቀሪው 4 ነው» የሚል ልጅ አይጠፋም። ሦስቱ ማለቂያ ስለሌላቸው፣ ጽሑፉ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ስለሚቆረጥ ነው። ነጥቡን ጨርሶ መተው ይሻላል፤ 7ን ብቻ ወስዶ 7 በ6 ሲባዛ 42፣ ከ47 ላይ ሲቀነስ 5። እንዲህ ከሆነ ካልኩሌተሩ የሠራው ድርሻውን መገመት ብቻ ነው።

የክፍልፋይ ቁልፍ ያላቸው የካሲዮ ሳይንሳዊ ካልኩሌተሮች ድብልቅ ቁጥሩን ማውጣት ይችላሉ፤ ተቃልሎ የመጣ ነው። መልስ ለማረጋገጥ ጥሩ ናቸው። ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ግን በጭራሽ አልመክርም።

ማቃለሉ መቼ ይሁን?

ሌላው ክርክር ይህ ነው፦ መጀመሪያ አቃልሎ ማካፈል ወይስ አካፍሎ ማቃለል? መልሱ የጋራ አካፋዩ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው ላይ ነው።

ሲታይ መጀመሪያ ማቃለል ይሻላል። የፋሲል ግቢን የሚከብበው ግንብ ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው። የመሮጫ ሜዳ አንድ ዙር 400 ሜትር ከሆነ ግንቡን አንድ ጊዜ መዞር ስንት ዙር መሮጥ ነው? 900/400። ሁለቱም በ100 እንደሚካፈሉ ዓይን ላይ ስለተጻፈ 9/4፣ 2 ከ1/4 ዙር። 84/36ም እንዲሁ ነው፤ በ12 ቢቃለል 7/3፣ ማለትም 2 ከ1/3።

ሳይታይ ግን መጀመሪያ ማካፈል ነው። 391/85 ስጡኝና የጋራ አካፋይ እንድፈልግ ብትጠይቁኝ ቶሎ አይታየኝም። ሳካፍል ግን 85 በአራት 340፣ ቀሪው 51፤ 4 ከ51/85። አሁን 51 እና 85 በ17 እንደሚካፈሉ ለማየት ይቀላል፤ 4 ከ3/5። በአጋጣሚ አይደለም። 391 እና 85 የሚጋሩት አካፋይ ሁሉ ከ391 ላይ 85 እየተነሣ በቀረው በ51 ውስጥም ይኖራል፤ ስለዚህ ማካፈሉ ራሱ ፍለጋውን ወደ ትንንሽ ቁጥሮች ያወርደዋል። ግሪካዊው ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ትልቁን የጋራ አካፋይ ለማግኘት ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነው፤ 85ን ለ51፣ 51ን ለ34፣ 34ን ለ17 እያካፈለ ቀሪ እስኪጠፋ ይወርዳል። የመጨረሻው አካፋይ 17 ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጨርሶ ማቃለል የሌለባችሁ ጊዜ መኖሩ ነው። ደብተር ላይ 2/4ን ሳያቃልሉ መተው ነጥብ ያስቀንሳል። ከደብተር ውጪ ማቃለሉ ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

275 ኪሎ ጤፍ ስንት ኩንታል ነው? 275/100፣ 2 ከ75/100። የተማሪ መልስ 2 ከ3/4 ነው። ለነጋዴ ግን 75 መቶኛው 75 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል ከሰባ አምስት ኪሎ ብሎ ይጭነዋል። 3/4 ቢሉት መልሶ ወደ ኪሎ ይለውጠዋል። 200 ደቂቃ የፈጀ ጉዞም 200/60፣ 3 ከ20/60 ሰዓት ነው፤ ሃያውን ካላነካካነው ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ብሎ ራሱ ይናገራል። ታህቱ መቶ ወይም ስድሳ የሆነው በምክንያት ነው፤ ቀሪው በዚያ ታህት ላይ ሲቆይ መለኪያ ያለው ቁጥር ይሆናል።

ባሕረ ሐሳብ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደሆነ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ እርሱ ለአራት ይካፈላል። ለ2018 ዓ.ም. 7518/4፣ 1879 ከ2/4 ነው። ቀሪው አንድ ሲሆን ማቴዎስ፣ ሁለት ሲሆን ማርቆስ፣ ሦስት ሲሆን ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። 2/4ን «አቃልሎ» 1/2 ያደረገ ሰው ቀሪውን አንድ ያደርገውና ዘመነ ማቴዎስ ላይ ያርፋል! የካሲዮው ካልኩሌተር ይህን ስህተት ሳይጠየቅ ይሠራል።

የሚገርመው እዚህ ላይ ሁለቱም የድብልቅ ቁጥሩ ክፍሎች ሥራ አላቸው። ሙሉው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ አይጣልም። 7518 ላይ ሲደመር 9397 ይሆናል፤ ለሰባት ሲካፈል 1342 ከ3/7። አሁን ሙሉው 1342 ይጣልና ቀሪው 3 ይያዛል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ ነውና የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ለማውጣት የሚያገለግለው ቁጥር፣ አበቅቴም፣ እንዲሁ ነው፦ 7518 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ሲካፈል 4 ከ12/30፤ አበቅቴው 12 ነው። 2/5 ብሎ ያቃለለ ሰው አበቅቴውን አጠፋው። የጎንደር የአብነት ተማሪ ቀሪን አክብሮ መያዝን የሚማረው በዚህ ነው፤ የዘመናዊ ትምህርት ቤቱም ልጅ ቢያውቀው አይጎዳም።

ድብልቅ ቁጥሩ ራሱ መልስ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። አርባ አራቱን የጎንደር ታቦታት በቀን ስድስት አጥቢያ እየሄደ ሊሳለም የተነሣ ሰው 44/6፣ 7 ከ2/6 ያገኛል። ቀሪው 2 ስምንተኛውን ቀን ይፈልጋል፤ መልሱ 8 ቀን ነው። 1/3 ቀን ብሎ መልስ የለም።

ባለበት መተው

ሕገወጥ ይባል እንጂ 17/5 ስህተት አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ከ3 ከ2/5 ይሻላል። ማባዛትና ማካፈል ከቀጠለ አይነካም። 3 ከ2/5 በ2 ከ1/2 ሲባዛ ሙሉን በሙሉ፣ ክፍልፋይን በክፍልፋይ አባዝቶ 6 ከ1/5 የሚል ልጅ በየክፍሉ አለ። 17/5 በ5/2 ብሎ የሠራ ግን 17/2፣ 8 ከ1/2 ያገኛል። ልዩነቱ ከሁለት በላይ ነው።

መደመር ላይ ድብልቁ ይቀናል፤ 3 ከ2/5 እና 2 ከ1/5፣ 5 ከ3/5። መቀነስ እንደ ሁኔታው ነው። 5 ከ1/4 ላይ 2 ከ3/4 ሲቀነስ ከሙሉው መበደር ስለሚያስፈልግ፣ መበደር የሚያስቸግረው ልጅ ወደ 21/4 እና 11/4 ቢመልሰው 10/4 አግኝቶ ወደ 2 ከ1/2 ይደርሳል።

ኔጌቲቭ ቁጥር ሲመጣ ደግሞ −17/5 ማለት −3 ከ2/5 ነው፤ የኔጌቲቩ ምልክት ሁለቱንም ይይዛል። −3 ላይ 2/5 ደመርኩ ያለ ልጅ −13/5 ላይ ይደርሳል። አልጀብራ ከተጀመረ ወዲያ ድብልቅ ቁጥርን በመሀል ማምጣት አያስፈልግም፤ በመጨረሻ፣ ጥያቄው ከፈለገ ብቻ።

ፈተና ላይ

የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ምርጫ ያለው ስለሆነ ሙሉውን መሥራት የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። 53/8 ተጠይቆ ምርጫዎቹ 5 ከ3/8፣ 6 ከ5/8፣ 6 ከ5/6 እና 7 ከ3/8 ቢሆኑ፣ መጀመሪያ ሙሉውን ብቻ መያዝ ነው። ስድስት ስምንት 48፣ ሰባት ስምንት 56፤ 53 በመካከላቸው ስለሆነ ሙሉው 6 ነው። ሁለት ምርጫ ወደቀ። ከዚያ ታህቱን ማየት ነው። ታህቱ 8 እንደነበረ ሊቆይ ይችላል፤ ከተቃለለም ወደ 4 ወይም ወደ 2 ነው የሚወርደው፣ የ8 አካፋዮች እነዚህ ናቸውና። 6 ስምንትን ስለማያካፍል 6 ከ5/6 መልስ ሊሆን አይችልም። ቀሪውን ሳያሰሉት 6 ከ5/8 ላይ ማክበብ ይቻላል፤ ጊዜ ከተረፈ ተመልሶ 48 ላይ 5 መደመር ነው።